ከማን ቀጥሎ ነህ?

መጀመሪያ ዓይኔ የገባው የጫማ ማሰሪያ ነው። ጥቁር የጫማ ማሰሪያ፤ ያለው ግን እግር ላይ ሳይሆን አንገት ላይ። ከሸሚዝ ኮሌታ ሥር ወጥቶ ወደ ደረት ይወርድና በሁለተኛው ቁልፍ በኩል ተመልሶ ሸሚዙ ውስጥ ይገባል። ጫፉ ላይ ምን እንደተንጠለጠለ አይታይም። ባለቤቱ ሽማግሌ ደጋግመው ደረታቸውን በመዳፋቸው ይዳብሳሉ፤ ልቡ በቦታው መኖሩን እንደሚያረጋግጥ ሰው። ልባቸውን ታመው ነው ብዬ አዘንኩላቸው። ሰው እንዲህ ነው፤ ሳያውቅ ያዝናል፣ ሲያውቅ ደግሞ ይስቃል።

ያለነው ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ነበር። አክስቴን ጆሮዋን እየወጋ ስላስቸገራት ይዣት መጥቻለሁ። የጆሮ ሐኪሟ ወደዚህ ሆስፒታል የምትመጣው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ያቺ ቀን ያመለጠችው ሳምንት ይጠብቃል። ሕንፃው ሁለት በር አለው። በግራ ያለው የመስታወት ነው። ፊቱ የጎማ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ በውስጥ ለስላሳ ወንበሮች ይታያሉ። ከፍ ያለ ዋጋ ከፍለው የሚታከሙት የሚገቡበት ስለሆነ "ልዩ" ይሉታል። በቀኝ ያለው የብረት በር ነው፤ ቀለሙ የሰው ትከሻ በሚደርስበት ቁመት ላይ ብቻ ተልጦ አልቋል። እሱን "ተራ" ይሉታል። ሁለቱም በሮች የሚያደርሱት ወደ አንድ ኮሪደርና ወደ አንዲት ሐኪም መሆኑን ስሰማ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ቃሉም ገረመኝ። በቋንቋችን "ተራ" ሁለት ነገር ነው፤ ወረፋም ነው፣ መናኛም ነው። እነዚህን ሁለቱን አንድ ቃል ውስጥ ያስቀመጠው ሰው እዚህ በር ላይ ቆሞ የሚያውቅ መሆን አለበት።

የብረቱ በር አንዴ ገርበብ ይላል። በክፍተቱ እጅ ይወጣል፤ ካርድ የያዘ እጅ ብቻ፣ ፊት የለውም። ያን ጊዜ ጎረምሶቹ ይወረወራሉ፤ ክርንና ትከሻ፣ እግርና ስድብ ይደባለቃል። ካርዱ የሚደርሰው ለታመመው ሳይሆን ለበረታው ነው። እዚያ ለመታከም መጀመሪያ ጤነኛ መሆን ያስፈልጋል። ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ ግድግዳው ሥር ዱላቸውን ታቅፈው ያያሉ። በመጨረሻ ከውስጥ "አልቋል!" የሚል ድምፅ ይመጣና በሩ ይዘጋል። እነሱም አቧራቸውን አራግፈው ለሳምንት ይመለሳሉ። "ሳምንት ያገናኘን" ይባባላሉ፤ ሰርግ እንደሚጠራሩ ሰዎች።

ባለ ማሰሪያው ሽማግሌ አጠገብ ባለ አበባ ሻሽ ያሰሩ ሴት ተቀምጠዋል። ሚስታቸው ናቸው። ሽማግሌው የሚያናግሯቸው በእጃቸው ነው፤ እሳቸው የሚመልሱት ግን በአፋቸው፣ ያውም ግቢው በሙሉ እስኪሰማ።

"ይሄ ልጅ ጆሮው ምንም አልሆነ!" አሉ አንዱን ጎረምሳ እያዩ። "አፍንጫው ነው ትልቅ!"

ሽማግሌው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

"ምን አልኩ? በሹክሹክታ እኮ ነው!"

ግቢው ሳቀ። ባለ አፍንጫው ጎረምሳም ወዶ ሳይሆን ተገዶ ሳቀ።

በመሃላችን ዘበኛው ቁልፎቹን እያንቃጨለ ይዞራል። ያለው አንድ ጥያቄ ነው፤ ለገባው ሁሉ ያቺኑ ይጠይቃል። ሽማግሌው ፊት ሲደርስም ጠየቀ።

"አባባ፣ ልዩ ነዎት ተራ?"

"ምን?"

"ልዩ ነዎት ወይስ ተራ?"

ሽማግሌው ቀና አሉ። "ተራ አስከባሪ ነኝ" አሉ፣ ኮራ ብለው።

ቁልፎቹ ዝም አሉ። "እንዴ! መጡልን? ዛሬ ነው እንዴ የሚጀምሩት? ሰው ተረጋግጦ ሊያልቅብን ነው፣ ተራ አስከባሪ ላኩልን እያልን አስተዳደሩን ስንለምን ስንት ጊዜያችን! እንኳን መጡ፣ አባቴ! በሉ እንግዲህ!"

ሽማግሌው ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ የብረቱን በር አዩ። ግድግዳው ሥር ያሉትን አዩ። ሚስታቸውን አዩ። አፋቸውን መልሰው ዘጉት። እጃቸው ወደ ደረታቸው ሄደ፣ ማሰሪያውን ሳበ፣ ከሸሚዙ ውስጥም ልብ ሳይሆን ፊሽካ ወጣ። አፉ ላይ ያለው ቀለም በጥርስ ተግጦ ያለቀ፣ አሮጌ የብረት ፊሽካ።

ነፉት።

እኔ ግጥም እጽፋለሁ፤ ስለ ድምፅ ኃይል ብዙ ሰምቻለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ግን አይቼ አላውቅም። በሩ ላይ የተከመረው ሕዝብ በቅጽበት ተፈታና ለሰልፍ ተዘረጋ። ሁላችንም ታክሲ ተሳፍረን ያደግን ነን፤ እግራችን ከጭንቅላታችን ቀድሞ ሰማ። አክስቴማ ቦርሳዋን ከፍታ የታክሲ ሳንቲም መፈለግ ጀመረች።

"ማን ቁሙ አላችሁ?" አሉ ሽማግሌው። "ተቀመጡ!"

ተያየን።

"እዚህ እግራችሁ አይፈለግም፤ ትዝታችሁ ነው የሚፈለገው። እያንዳንድሽ፣ እያንዳንድህ፣ ግቢው ስትገቡ ከፊታችሁ የነበረውን አንድ ሰው አስታውሱ። አንድ ሰው ብቻ! እሱ ሲነሳ ትነሳላችሁ። እስከዚያ ጥላ ያለበት ተቀመጡ፣ ውሃ የጠማው ይጠጣ፣ ሽንት ቤት የሚሄድ ይሂድ። ተራ ማለት የቆሙበት ቦታ አይደለም። ተራ ማለት ከፊት ያለውን ሰው ማወቅ ነው።"

ከዚያ እየዞሩ ይጠይቁ ጀመር። "ከማን ቀጥሎ ነሽ? አንተስ፣ ከማን ቀጥሎ ነህ?"

ባለ አፍንጫው ጎረምሳ ክርኑን ከብረቱ በር አላነሳም። "እኔ እዚህ ጋ ነበርኩ!"

"የት እንደነበርክ መቼ ጠየቅሁህ፣ የኔ አንበሳ? ከማን ቀጥሎ ነህ ነው ያልኩህ።"

ጎረምሳው ግራ ቀኙን አየ። ውሸት ሊናገር እንደፈለገ ፊቱ ላይ ይታያል፤ ግን ከማን ቀጥሎ ብሎ ይዋሽ? የጠራው ሰው እዚያው ተቀምጦ ይሰማዋል። "ከ... ከእሳቸው" አለ በመጨረሻ፣ ግድግዳው ሥር ያሉ አንዲት አሮጊት እያሳየ።

"ጎሽ! ሂድና አጠገባቸው ተቀመጥ። ዱላቸውንም ያዝላቸው፤ እጃቸውን ደክሟቸዋል።"

እንዲህ እንዲህ እያሉ የተራውን ክር ከጫፍ ጫፍ ተረተሩት። ሲያልቅ የታየው ነገር አስገረመኝ። የሰልፉ ራስ የተገኘው ከበሩ በጣም ርቀው የተቀመጡት ሰዎች ዘንድ ነው። አሮጊትና ሽማግሌ እንቅልፍ የለውም፣ እንዳይረፍድበትም ይፈራል፤ ገና ጎህ ሳይቀድ መጥቶ ነበር። የሰው ትከሻ ነው ወደ ግድግዳ የገፋው። ስለዚህ ማንም ለማንም ውለታ አልዋለም፣ ማንም በሽበቱ አልታዘነለትም። የራሳቸው ነበር፤ ተመለሰላቸው።

እጁ ካርዶቹን ይዞ ሲወጣ የተወረወረ አልነበረም። እጁ ግራ ገብቶት አየር ላይ ቆየ። ከዚያ የመጀመሪያዋ አሮጊት ቀስ ብለው ተነስተው፣ ቀስ ብለው ሄደው፣ ካርዳቸውን ተቀበሉ። "ተባረኪ፣ ልጄ" አሉት እጁን።

የሽማግሌው ሚስት ተራ ከእኔና ከአክስቴ ቀጥሎ ነበር። አርፍደው ነው የመጡት።

"ሁለት ታክሲ ጥሎን ሄደ" አሉኝ ሽማግሌው አጠገባችን አረፍ ብለው። "ሽማግሌ ለመውጣት ጊዜ ይፈጃል ብለው አያቆሙም። እኔን! ስንቱን ሹፌር ጢም ሳያበቅል የማውቀውን!"

ጋሽ ፊሽካ ይሏቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን የታክሲ ተራ አስከብረዋል። ወጣት ሳሉ ተሸካሚ ነበሩ፤ አንድ ዝናባማ ጠዋት ሰው ሲጋፋ እርጉዝ ሴት ወደቀች፣ እሳቸው የተሸከሙትን ከረጢት ጥለው ሰውን በጩኸት ወደ ሱቆቹ በረንዳ በተኑትና "የፊታችሁን እወቁ!" አሉ። ታክሲ ሲመጣ ሰዉ ሳይበሰብስ በየተራው ከበረንዳው እየወጣ ተሳፈረ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ወደ ከረጢቱ አልተመለሱም። ፊሽካውን የሰጧቸው ሹፌሮቹ ናቸው፤ "ጉሮሮህ ሳይቀደድ" ብለው።

"እሷንም ያገኘኋት እዚያው ነው" አሉ በአገጫቸው ወደ ሚስታቸው እየጠቆሙ። ሚስታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ። አንድ ጠዋት በእጃቸው ጨርቅ ታቅፈው ሰልፉን ጥሰው ፊት ተገተሩ። ጋሽ ፊሽካ "ከማን ቀጥሎ ነሽ?" አሏቸው። እሳቸውም ቀና ብለው "ከማንም!" አሉ።

"ከማንም! እስቲ ይታይህ! ፊሽካዬን ነፍቼ መጨረሻ ወሰድኳት። እየሰደበችኝ ሄደች። በማግስቱም መጣችና ጣሰች፣ በማግስቱም። በኋላ ሳየው ለካ ሥራ የምትሄድበት ታክሲ ከኛ ተራ አይነሳም።" ሳቅ ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንዲህ ሆነን ተጋባን።"

"ስለኔ ነው የምታወራው!" አሉ ሚስታቸው ጮክ ብለው። "ዓይኑን አይቼ አውቃለሁ!"

ቤታቸው ከጎማ ጠጋኝ ጀርባ ያለች አንድ ክፍል ናት። ልጆቻቸው አድገው ወጥተዋል። ለሁለቱ የቀራቸው መጨቃጨቅ ነበር፤ ሬዲዮኑ ስለተናገረው፣ ጎረቤት ስላደረገው፣ በሻይ ውስጥ ስለሚገባው ስኳር፣ ስለ ሁሉም። መጀመሪያ ሚስታቸው የሬዲዮኑን ድምፅ እየጨመሩ ሄዱ፤ ጎማ ጠጋኙ "ጋሼ፣ ዜናውን እኔ ጋ ሆናችሁ ነው እንዴ የምታዳምጡት?" እስኪል። ከዚያ ጭራሽ ዘጉት። ከዚያ ጋሽ ፊሽካ አንድ ቀልድ ደጋግመው እየጮሁ ለመናገር ሰለቻቸው። ቀልድ ሲጮህበት ትእዛዝ ይመስላል። ቀስ በቀስ ቤቱ ዝም አለ። አንድ ቀን ሚስታቸው መንገድ ሲሻገሩ የመኪና ጡሩምባ ሳይሰሙ ቀርተው በአንድ ክንድ ርቀት ተረፉ።

"ሞቷን ፈራሁ፤ እሱ ያለ ነው" አሉኝ። "ግን እውነቱን ልንገርህ? ስድቧ ናፈቀኝ። ሰው እንዴት ስድብ ይናፍቀዋል? እንዳትጽፈው ደግሞ!"

እንደማልጽፈው ቃል ገባሁ። ይኸው።

የሰፈራቸው ጤና ጣቢያ ወስደዋቸው ነበር። የነበረው ባለሙያ ወጣት ነው፤ ከጠረጴዛው ሳይነሳ "እማማ ዕድሜያቸው ስንት ነው?" አለ። ነገሩት። "እንግዲህ እርጅና ነው" አለና ቀጣዩን ጠራ።

"እርጅና እንዴት ጆሮ ብቻ መርጦ ይገባል፣ ልጄ? ምላሷ እኮ ገና ልጅ ነው! አልኩት። ሳቀና በሩን አሳየኝ።"

ከዚያ ተበድረው የግል ክሊኒክ ሄዱ። እዚያ በጣም አከበሯቸው፣ ለስላሳ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው፣ ከዚያም ጆሮ ላይ የሚደረግ ማዳመጫ በሳጥን ሆኖ ቀረበ። "ዋጋውን ሲነግሩኝ እኔም ደነቆርኩ" አሉ ጋሽ ፊሽካ። ክሊኒኩም ጆሮውን ከፍቶ አላየም፤ የሚሸጠው ነገር ዝግጁ ስለነበረ ማየት አላስፈለገውም። የቀራቸው ይህ የብረት በር ነበር። በየሳምንቱ መጥተው በየሳምንቱ "አልቋል" ተብለዋል። ዛሬ ካልሆነ ግን አልመጣም ብለዋል ሚስታቸው። "አንተ ሰውዬ፣ ተወኝ ልሙትበት" ማለታቸው ነው፤ ጠዋት አልጋ ይዘው ነበር፣ ለምነው ነው ያስነሷቸው።

ይህን ሁሉ እያወሩኝ ዓይናቸው ከሰዉ ላይ አይነሳም። አንዱ ሲነሳ ተከታዩን ያዩታል፤ እሱም ይነሳል። ግቢው ጸጥ ብሏል። ሰው ከፊቱ ካለው ሰው ጋር ማውራት ጀምሯል፤ መቼም ፊቱን አጥንቶታል። ባለ አፍንጫው ጎረምሳ የአሮጊቷን ዱላ ይዞ ስለ ልጅ ልጆቻቸው ይሰማል።

አክስቴ ካርዷን ተቀበለች። ጋሽ ፊሽካ ወደ ሚስታቸው ዞረው እጃቸውን ዘረጉላቸው። ሚስታቸው ሻሻቸውን አስተካክለው ተነሱ።

"አልቋል!" አለ ድምፁ ከውስጥ።

ጋሽ ፊሽካ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። ሚስታቸው አልሰሙም፤ ፈገግ እንዳሉ ወደ በሩ መራመዳቸውን ቀጠሉ። ያ ፈገግታ እስከዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

አክስቴ ካርዷን ዘረጋች። "እማማ ይግቡበት፣ ጋሼ። እኔ ሳምንት እመጣለሁ።"

"አይሆንም!"

"እኔ ወድጄ..."

"ተራ አይሰጥም፣ እህቴ። ዛሬ የሚሰጥ ካለ ነገ የሚሸጥ ይመጣል። እኔ ሳልሞት አይሆንም።" ድምፃቸው ግን ተሰብሮ ነበር።

በዚህ መሃል የብረቱ በር ተከፈተ፤ ገርበብ ሳይሆን ወለል ብሎ። እጁ ከነሙሉ ሰውነቱ ወጣ። የእጁ ባለቤት ቀጭን ልጅ ነበረች፤ ዓይኗ ያበጠ፣ ካርድ ሰጪዋ።

"ተራ አስከባሪ ሆኑ የተባሉት እርስዎ ነዎት?"

"አስተዳደሩ ነው የላካቸው!" አለ ዘበኛው ደረቱን ነፍቶ።

"አስተዳደሩ ገና ማስታወቂያም አላወጣ።"

ዘበኛው ወደ ጋሽ ፊሽካ ዞረ፤ ቁልፎቹ እጁ ላይ ከበዱበት።

"እኔን ማንም አልላከኝም" አሉ ጋሽ ፊሽካ። "ይሄ ልጅ ልዩ ነህ ተራ ቢለኝ ሥራዬን ነገርኩት። ከዚያ 'በሉ እንግዲህ' አለኝ። በል የተባለ ሽማግሌ ምን ያድርግ?"

መጀመሪያ የሳቀችው ካርድ ሰጪዋ ነበረች። ከዚያ ቀኝ እጇን ዘርግታ አሳየችን። ከጣቶቿ እስከ አንጓዋ የጥፍር ጭረት ነበረበት፤ የዳነ፣ ሊድን የደረሰ፣ ያልዳነ። "ዛሬ አዲስ የለበትም" አለች። "ይቀጥሉ፣ አባባ። ማንም ይላክዎት።"

"ለማን ልቀጥል? አልቋል ብለሻል።"

መልሱ ከኋላዋ መጣ። ሐኪሟ ነበረች፤ ጓንቷን እያወለቀች፣ ኮሪደሩን በጥርጣሬ እያየች።

"ሰው የለም እንዴ? ምን ሆናችሁ ነው ጸጥ ያላችሁት? ሌላ ቀን ይሄኔ ግማሹን እንኳ አልጨርስም፤ በሩን የሚገፋው፣ ከማን በፊት ነኝ ብሎ እላዬ ላይ የሚጣላው..."

"ካርዱ አልቋል፣ ዶክተር" አለች ልጅቷ።

"ካርዱ ነዋ ያለቀው። እኔ መች አለቅሁ?" ሐኪሟ ግቢውን አየች፤ የተቀመጡትን ሁሉ። "የቀሩት ይግቡ።"

ግቢው ውስጥ የተነሳውን ድምፅ ልገልጸው አልችልም። እልልታ ነው እንዳልል ሰዉ የተቀመጠበትን መሬት ነው የደበደበው።

ያን ጊዜ የመስታወቱ በር ተከፈተና ባለ ክራባት ሰው ብቅ አለ። "ይቅርታ፣ ይሄ ሰዓት የልዩዎቹ አይደለም እንዴ? ከፍለን እኮ ነው።"

ጋሽ ፊሽካ በአክብሮት ጎንበስ አሉለት። "ከማን ቀጥሎ ነህ፣ ጌታዬ?"

ሰውዬው ሳያስበው ወደፊት አየ፣ ወደኋላ አየ። እሱም ያደገው ታክሲ ላይ መሆን አለበት። "እኔ... ብቻዬን ነኝ።"

"እንግዲያው ምን ያስቸኩልሃል? ወንበርህ ደግሞ ለስላሳ ነው። ትንሽ አጣጥመው።"

ሰውዬው ለመቆጣት አስቦ ሳቁ ቀደመው። ተመልሶ ገባ።

አክስቴ ታክማ እንደወጣች ጋሽ ፊሽካ ክንዴን ያዙኝ። "እሷን ይዘህልኝ ግባ። ከኋላ ሰው አለ፤ ተራ አስከባሪ ሰው ጥሎ አይሄድም።" ስለዚህ እማማን ይዤ የገባሁት እኔ ነኝ። ሐኪሟ ባለ መብራት መሣሪያዋን ጆሯቸው ውስጥ አስገብታ አየች። ሌላኛውንም አየች። ከዚያ "እማማ፣ ጆሮዎ ውስጥ ጥጥ ይከታሉ?" ብላ በእጇ አስረዳቻቸው።

እማማ ፊታቸው በራ። "እንዴታ! ይሄ ሰውዬ ሲያንኮራፋ ጣሪያው ይነሳል! ያለ ጥጥ ማን ይተኛል?"

ጥጡ በየጊዜው እየተበጠሰ ውስጥ ቀርቶ፣ በጆሮ ኩክ ላይ ኩክ፣ በጥጥ ላይ ጥጥ ተደርቦ፣ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ሐኪሟ ጠብታ ጨመረች፣ ጠበቀች፣ በለብታ ውሃ አጠበች፣ በቀጭን መቆንጠጫ አወጣች። በሳህኑ ላይ የተቀመጠችውን ቡናማ ነገር አየኋት። የባቄላ ፍሬ እንኳ አታክልም። ያን ሁሉ ዝምታ የያዘችው እሷ ነበረች! ብድሩን፣ በሳጥን የመጣውን ማዳመጫ፣ "እርጅና ነው" የሚለውን ፍርድ ሁሉ።

"ከዚህ በፊት ማንም አላየውም?" አለች ሐኪሟ።

"እርጅና ነው ብለዋቸው ነው።"

መቆንጠጫዋን አስቀመጠች። "ዕድሜያቸውን ነዋ ያዩት። ጆሯቸውን መች አዩት!" ከዚያ ወደ በሩ ዞረች። "አሁን እንሞክር። ከኋላቸው ሆኖ በቀስታ የሚያናግራቸው፣ ድምፁን የሚያውቁት ሰው እፈልጋለሁ።"

ሮጬ ወጣሁ። ጋሽ ፊሽካ ሰሙኝና ለአፍታ በቀሩት ሰዎችና በበሩ መሃል ቆሙ። ከዚያ ማሰሪያውን ከአንገታቸው አውልቀው ዘበኛው አንገት ላይ አጠለቁት። "የፊታቸውን ያውቃሉ" አሉት። "አንተ ዝም ብለህ ቁም።" ደረታቸውን በባዶ እጃቸው እየዳበሱ ገቡ።

እማማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ተቀምጠዋል። ማን እንደገባ አላዩም። ጋሽ ፊሽካ ቀስ ብለው ከኋላቸው ቆሙ። ጎንበስ አሉ። ያን ሁሉ ሕዝብ ያዘዘው ድምፅ ሊወጣላቸው አልቻለም። በመጨረሻ በትንፋሽ ብቻ፣ እኔ እንኳ በጭንቅ እስክሰማው ድረስ፣

"ከማን ቀጥሎ ነሽ?" አሉ።

የአበባ ሻሹ ቀጥ አለ።

"ከማንም!" አሉ እማማ።

ከዚያ ዞር አሉና የባላቸውን ፊት ሲያዩ ድንግጥ ብለው፣ "ምን ሆነህ ነው የምታለቅሰው፣ አንተ ሽማግሌ? ደግሞ ይሄን ያህል ምን ያስጮህሃል?" አሉ።

ጋሽ ፊሽካ ሳቁ፤ እያለቀሱ ሳቁ። ሐኪሟ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ውጪ ምን እንዳየች አላውቅም፣ መስኮቱ የሚያሳየው ግድግዳ ነበር። እማማም ዓይናቸውን ጨፍነው ማዳመጥ ጀመሩ። የቧንቧውን ጠብታ ሰሙ። የራሳቸውን ሻሽ ሹክሹክታ ሰሙ። "ጨርቅ እንዲህ ይጮህ ነበር እንዴ?" አሉ፤ ዕድሜ ልካቸውን ጨርቅ የሰፉት ሴት።

ለክትትል አክስቴን ይዤ ስመለስ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረው አገኘሁ። ከመጋዘን የወጡ አሮጌዎች ናቸው፤ አንዱ እግሩ በድንጋይ ተደግፏል። ሁለቱ በሮች እንዳሉ ናቸው፤ መስታወቱም መስታወት፣ ብረቱም ብረት። ግን በብረቱ በር ቀለሙ የተላጠበት ቦታ አቧራ ይዟል፤ ትከሻ አልነካውም። ዘበኛው አዲስ ፊሽካ በአዲስ የጫማ ማሰሪያ አንገቱ ላይ አስሯል። "ልዩ ነዎት ተራ?" ማለት ትቷል። የገባውን ሁሉ የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ ሰዎችም ገና ከግቢው በር ሳይደርሱ ከፊታቸው ያለውን ሰው ትክ ብለው እያጠኑ ይገባሉ። "ደህና አደሩ፣ ከእርስዎ ቀጥሎ ነኝ" ይላሉ። እንደዚህ ያለ ሰላምታ ሰምቼ አላውቅም።

ጋሽ ፊሽካና እማማ ከውስጥ ሲወጡ አገኘኋቸው። የግራው ጆሮ ሙሉ በሙሉ ተመልሷል፤ የቀኙ ግማሽ ነው፣ ከዚያ በላይ አይመጣም ብላለች ሐኪሟ። "ግማሹ ይበቃኛል" አሉኝ እማማ፣ አሁን በልኩ ድምፅ። "እሱ ከሚያወራው ግማሹ ውሸት ነው።"

"ማንኮራፋቱንስ እንዴት አደረጉት፣ እማማ?" አልኳቸው።

"ውጪ ተኛ አልኩት!"

"ከጎማ ጠጋኙ ጋር!" አሉ ጋሽ ፊሽካ፣ በዓለም ላይ ትልቁን ሹመት እንደተሾመ ሰው እየሳቁ።

ሄዱ። እማማ ቀድመው ነው የሚራመዱት፤ አፋቸው አላረፈም። ስለ ወንበሩ እግር፣ ስለ ዘበኛው ፊሽካ፣ ስለ ባላቸው ኮሌታ ይናገራሉ። መንገዱ ዳር ሲደርሱ ጡሩምባ ተሰማ፤ እማማ ሳይዞሩ እጃቸውን ወደኋላ ዘርግተው ባላቸውን ቀጥ አደረጓቸው፣ መኪናው አለፈ፣ ተሻገሩ።

"ጋሼ!" ብዬ ጮህኩ ከወዲህ ማዶ። "ከማን ቀጥሎ ነዎት?"

ጋሽ ፊሽካ አልዞሩም፤ እያዳመጡ ነበር። እጃቸውን ብቻ አነሱና ፊት ፊታቸው የሚሄደውን የአበባ ሻሽ በጣታቸው አሳዩኝ፤ ከዚያ እርምጃቸውን አፍጥነው ተከተሉት።